በአስቸኳይ የታደሰ ፓስፖርት

ለእህት ዓለሜ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ፓስፖርቴን ላሳድስ ኤምባሲ ሄድኩልሽ። ልጄ «አባዬ፣ ቅጹን ልሙላልህ» ቢለኝ እምቢ ብዬ፣ ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ባስቆጠረችኝ ፊደል ስሜን ራሴ ጻፍኩ። ፎቶ አንሺው «አባባ፣ አይሳቁ፤ ጥርስ መታየት የለበትም» አለኝ። «የቱን ጥርስ አይተህ ነው?» ስለው ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

ጸሐፊዋ «በመደበኛው ሁለት ወር ይፈጃል» ስትለኝ «በአስቸኳይ!» አልኳት።

«ምን አስቸኮለዎት?»

«እህቴ ናፍቃኝ ነዋ!»

ይኸው ደረሰልኝ፤ ቅዳሜ እሳፈራለሁ! ሐኪሙ ለልጅሽ የነገራትን ሰምቻለሁ፤ ሐኪም መቼም ወሬ አያልቅበትም። ልቀበልህ ብለሽ ከአልጋሽ እንዳትነሺ፤ አንቺ ብቻ ጠብቂኝ።

እስክንሳሳም ፈጣሪ ደህና ያቆይሽ።

ግትሩ ወንድምሽ