ለሽምግልናው የተተከለ ድንኳን

…ልጅ ሳለሁ የጉደርን ወንዝ ስንሻገር፣ አንተ ጫማህን በእጅህ ይዘህ፣ እኔ ትከሻህ ላይ ሆኜ፣ ውሃው ጉልበትህ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ብለኸኝ ነበር። ምን እንደነበር ጠፋኝ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ሳስብ ነው የዋልኩት፤ ሰላምታውንም ያስረሳኝ እሱ ነው።

ጋሼ ቱፋ፣ አካም ጂርታ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እዚህ ነሐሴ ነው፤ ከደጅ እስከ መንገድ ጭቃ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ ሰሞኑን ብዙ ስቄአለሁ።

ለሽማግሌዎቹ ወጪ እልካለሁ ያልከውን ገንዘብ ተወው። እድሩ ችሎልናል።

ከዓብዲሳ ጋር የተጣላንበትን ታውቃለህ። ወደ ጌዶ ትምህርት ቤት መዛወሩን እኔን ሳይጠይቅ ፈርሞ ተቀበለ፤ እኔ ደግሞ የክሊኒክ ሥራዬን ትቼ አልሄድም አልኩ። ከሰኔ ጀምሮ የሚያድረው ጓደኛው ቤት ነው። እንለያይ ወይስ እንኑር የሚለውን ለአራት ሽማግሌዎች ሰጠን፤ የእሱ ሁለቱ ከወንጪ በፈረስ፣ የእኔ ሁለቱ ከጊንጪ በአውቶብስ ይመጣሉ። ማብላቱ፣ ማሳደሩ፣ የፈረሶቹ ገብስ ሳይቀር በእኛ ነው። በሁለት ቀጠሮ ደሞዛችን አለቀ። ሳንታረቅም ሳንፋታም ልንቀር ነበር።

ያኔ ወይዘሮ ባየሽ ነገሩን እድር ስብሰባ ላይ አነሱት። ጸሐፊው አቶ ጉግሳ ይህ የቀብር እድር ነው፣ ቆሞ ለሚሄድ ሰው አይከፍልም አሉ። ወይዘሮ ባየሽ ደግሞ ትዳር ሲሞት ሬሳው እዚያው ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳይሞት ብንከፍል ይረክስልናል ሲሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ተፈቀደ። ለምግቡና ለመሳፈሪያው ገንዘብ ሰጡን፤ ቤቴ ጠባብ ስለሆነና ዝናብም ስላለ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ጨመሩልን። ጉድ ያመጣው ድንኳኑ ነው።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳሉ ጎረቤቴ እማማ ሲንቄ ከገበያ ሲመለሱ ደጄ ላይ ድንኳን አዩ። ሌላ ምን ይታሰባል? ዘንቢላቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «ወርቅቱ ልጄ! በዝናብ መጥተሽ ልጄን ያዋለድሽልኝ!» ጭልፋ ይዤ ብቅ ስል ክው አሉ። ወዲያው ለቅሶውን ወደ ባሌ አዞሩት። «እንግዲያ ዓብዲሳ ነዋ! ከቤት ወጥቶ እንኳ በየጠዋቱ አጥሬ ሥር ቆሞ ወርቅቱ እንዴት አደረች የሚለኝ! እንዳትነግሪያት እያለ የሚለምነኝ!»

ዓብዲሳ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሣ፤ እስከ ጆሮው ቀልቷል። እማማ፣ አለሁ አለ። እሳቸውም ታዲያ ካልሞታችሁ ድንኳን ምን ያስተክላችኋል ብለው ተቆጡ። ከወንጪ የመጡት ኦቦ ጉዩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኛ በሁለት ቀጠሮ ያላወጣነውን ሴትዮዋ በአንድ ለቅሶ አወጡት አሉ። ከዚያ ሰኞ ከቀትር በኋላ ሁለታችሁ ብቻችሁን ተነጋገሩ፣ ቁርጡን ንገሩን ብለውን ተነሡ።

ዛሬ ሰኞ ነው። እየጠበቅኩት ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ ሊል ይችላል። እንለያይ ሊል ይችላል። በየጠዋቱ ስለ ሰው መጠየቅና ከሰው ጋር መኖር አንድ አይደለም። እኔም የምለውን አዘጋጃለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እንደገና አዘጋጃለሁ። ወጡን ግን ለሁለት ሰው ሠርቼዋለሁ፤ እጄ እኔን አላማከረኝም።

እትዬ እንግዳወርቅን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሻሽ አምሮብኛል። ኦልጅራ ትምህርት ቤት ሲከፈት በአክስቱ ስም አንድ ቀን ይቅር። ትንሿን ድንቅቱን ደግሞ አንገቷ ሥር ሳማት። አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ፖስታው ላይ አምቦን እስካሁን በድሮ ስሟ ሀገረ ሕይወት ብለህ መጻፍህን ወደውታል።

እህትህ ወርቅቱ
አምቦ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ኮቴ ሰማሁ። ዓብዲሳ ነው። ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው፤ ቀሪውን በሌላ ደብዳቤ።