የሐጂ ፎቶ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ስለ እርዳታ ማሰባሰብ ኮምቦልቻ ላይ ያሠለጠነን ሰውዬ «ቴሌግራም ላይ የሰጪውን ስምና ፎቶ አውጡ፤ ሌላውም አይቶ ይሰጣል» አለን። አመንኩት። ለአረጋውያኑ ማእድ ቤታችን ዱቄት የሰጡንን ሐጂ ይማምን፣ ሳያውቁ ያነሣኋቸውን ፎቶ ከነስማቸው ትናንት ገጻችን ላይ ለጠፍኩት።

ዛሬ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ሱቃቸው አስጠሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ለአላህ ብዬ በድብቅ የሰጠሁትን ሰደቃ ለምን አደባባይ አወጣሽብኝ?»

«ሐጂ፣ ሌላው አይቶ እንዲሰጥ ብዬ ነው።»

«አጥፊልኝ።»

እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት።

ቤት ስገባ እማዬ ደስ ብሏት ስልኳን ዘረጋችልኝ። ገራዶ ያለችው አክስቴ ከሌላ ሰው የደረሳትን የሐጂን ፎቶ ልካላታለች። እኔ ስንት ወር «ገጻችንን አጋሩልን» ብዬ ስለምን የሰማኝ የለም። ዛሬ አገር ምድሩ የሚቀባበለው ያጠፋሁትን ነው። ነገ በሐጂ ሱቅ በር በምን ፊቴ እንደማልፍ እንጃ።