ፍየል ያልበላችው ሳህን

ለወዳጄ ለይገዙ፣

ከሰመራ ሰላምታዬ ይድረስህ። ሙቀቱ ከእኛ አዋሽም ይብሳል፤ ፍየሎቹ ግን ያው እንደ እኛዎቹ ናቸው፣ ካርቶን ካገኙ አይምሩም።

ለባለቤቴ ለአሰፋሽ ተዝካር ብዬ፣ ያንን «ተፈጥሮን አይጎዳም» የተባለለትን፣ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበትን፣ ተበልቶበት የሚጣል ሳህን ልገዛ የወሎዋ አሪፋ ሱቅ ገባሁ። ዋጋው የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው። አሪፋ ግን «ወላሂ ለእርስዎስ አልሸጥም!» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ይዩት አባባ፣ አፈር ይሆናል ያሉት ሳህን ከረመዳን ጀምሮ እንደተጣለ ነው። ካርቶኑን ፍየሎቹ የዚያኑ ቀን ጨረሱት፤ ሳህኑን አሽትተውት ሄዱ። ቅጠል መሆኑን ከፍየል በላይ ማን ያውቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። በኋላ ግን ራሴን ጠየቅሁ። ፋብሪካው ለምድር አስቦ ይሁን ለገበያው፣ እግዜር ይወቀው። እኔስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ለምድር ብዬ አልነበረም፤ የእድራችን ሳህን ስለተላላጠ ሰው ፊት ለማቅረብ አፍሬ ነው። አሰፋሽ ግን በየሰዉ ለቅሶ ጎንበስ ብላ ስታጥብ የኖረችው እሱኑ ነበር። ጌታ በአሪፋ አፍ ስለመለሰኝ ተመስገን፤ እሷንም ይባርክልኝ።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ አንተ ዘንድ ነውና ሳህኖቹን አውጣልኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ፤ ባለቤትህን ራሄልንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሳህኖቹን ግን ለሴቶቹ እንዳትሰጥ፤ ቅዳሜ መጥቼ እኔው አጥባቸዋለሁ።

ወንድምህ ታፈሰ