እማዬ የናቀቻቸው ድንጋዮች

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ድምቡሼው ልጅሽ ጥርሱን አውጥቶ ለእናንተም እንቅልፍ ሰጣችሁ ወይስ አሁንም አብራችሁት ታለቅሳላችሁ? የባለቤትሽ ወገብስ እንዴት ሆነ? እኛ በጤና በኩል ምንም አንልም። የእማዬ ግፊት ወርዷል፣ የታናሻችን የሚጢም ሳል ጠፍቷል። ግፊቱ የጨመረው የእኔ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤን ምን አመጣው እንዳትይ። ስልኩን ታውቂዋለሽ። ገና «ሄሎ» ስንባባል እማዬ «ድምፁን ከፍ አድርገው» ትላለች፣ ሚጢ ትዘፍናለች፣ አጎታችን ጋሼም ካሉ እኔ የተጠየቅኩትን እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው ይመልሱልኛል። የምነግርሽ ደግሞ እማዬ እንድትሰማው የማልፈልገውን ነው። የጎረቤታችን የነርሷ ልጅ ነገ ወደ እናንተ ከተማ ሊመጣ መሆኑን ስሰማ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ስለ ደረጃው ነው። አዎ፣ አሁንም ስለ ደረጃው። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ባዶ ሊሾ ሆኖ ኖሯል። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስታፍርበት፣ አባዬ ደግሞ «በሚመጣው ወር ግራናይት አለብሰዋለሁ» ሲላት አይደል ያደግነው? በመጨረሻ የምሩን ሆኖ ለድንጋይ ቤቱ ቀብድ ከፈለ፣ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ የሆነው ሆነ። ድንጋይ ቤቱ ግን አልረሳም። «የአባታችሁን ድንጋይ መርጣችሁ ንገሩንና እንቁረጥ» እያሉ በየሳምንቱ ይደውላሉ።

መጀመሪያ ቀን እማዬ፣ ጋሼ፣ ሚጢና እኔ አብረን ሄድን። ግቢው ውስጥ ትላልቆቹ ድንጋዮች እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆመዋል። መቁረጫው ይጮኻል፣ ውሃውና አቧራው ጭቃ ሆነው ጫማችንን አበላሹት። ጋሼ ገና ከመግባታቸው በጥቁሩ ተለከፉ። በመዳፋቸው እየዳበሱት «ይሄ ነው እንጂ ድንጋይ! ጢም ይላጩበታል እኮ!» አሉ። እማዬ «ጢም የለኝም» ብላ ፊቷን አዞረች። ሻጩ፣ ፀጉሩን ቅባት ያጠጣ ወጣት፣ እዚህ ላይ ዝም ቢል ምን ነበረበት? «ጥቁሩ ለሐውልትም ይሄዳል፤ ለሁለቱም ካዘዛችሁ እናስብላችኋለን» አለ። ጋሼ ሳል ያዛቸው። እማዬ ሚጢን እጇን ይዛ ወጣች፣ ጥቁሩም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አመላላሹ እኔ ነኝ። ሱቁ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴ ላይ ስለሆነ ናሙናዎቹን በደብተር ቦርሳዬ ይዤ እመጣለሁ፣ የተናቁትን ደግሞ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ቦርሳዬ ከወንበር ወድቆ ክፍሉ ሲደነግጥ የፊዚክስ አስተማሪያችን ከፍተው አዩና «ትምህርቱ ከበደህ መሰለኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ «ጥርብ» ነው የሚለኝ። «ጥርብ፣ እስክሪብቶ አለህ?» ይሉኛል። ስሜን የሚያስታውስ አንድ ሰው ቢገኝ በሬ አርድለታለሁ።

እማዬ ግን አንዱም ደስ አይላትም። ነጩን «ወተት የፈሰሰበት ይመስላል» አለችው። ቀዩን «ጉበት ላይ እየተራመድኩ ነው የምኖረው?» አለች። ቡኒውን ሚጢ «ቸኮሌት» ብላ ስለላሰችው ብቻ ተናደደችበት። አረንጓዴውን አገላብጣ አየችውና «አባታችሁ የተኛበትን ሆስፒታል ኮሪደር ይመስላል» አለች። እውነቷን ነበር፤ እኔ ነኝ ሳላስተውል ያመጣሁት። እሱን በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ መለስኩት። ግራጫውን፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን፣ «ደህና ነው» አለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ልዘል ስል «ግን እህትህ ትየው» አለች።

አንቺም አላረፍሽም! እናገራለሁ፣ አትቀየሚኝ። ፎቶ ልከንልሽ «ጨለመብኝ፣ በቀን ብርሃን አንሱልኝ» አልሽ። በቀን አነሳን። «አሁን ደግሞ ነጣብኝ» አልሽ። ቀጥሎ ልጅሽን የምታስከትቢበት ክሊኒክ ውስጥ ያየሽውን ደረጃ አንስተሽ ላክሽ። እማዬ ያንን ፎቶ ለሦስት ሳምንት ስታሳየን ከረመች፤ ጋሼም «በዚህ ዓይነት እኔ ከመሞቴ በፊት አያልቅም» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ። አንቺ ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሩቅ ስለሆንሽ በአንድ ነገር እንኳ አለሁ ለማለት ነው። ግን የማታውቂው ነገር አለ።

እማዬ ፎቅ አትወጣም። አባዬን ከቀበርን ጀምሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው፣ ሚጢም አጠገቧ። ስትደውይ የምታይው መጋረጃ የሳሎኑ ነው፤ አልጋዋ ላይ የተቀመጠች እንድትመስልሽ ትራስ ከጀርባዋ ታደርጋለች። ለምን ስላት «ሊሾው ለጉልበቴ አይሆንም፣ ደረጃው ይለቅና እወጣለሁ» ትለኛለች። ደረጃው ደግሞ ድንጋይ ካልተመረጠ አያልቅም። ገባሽ? እኔ እስኪገባኝ ስንት ድንጋይ ተሸከምኩ!

ፎቅ ያለሁት ብቻዬን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ነፃነት መስሎኝ ነበር፣ ሙዚቃዬን ከፍ አድርጌ እከፍት ነበር። አሁን አልከፍትም። ጠዋት ጠዋት «ያንን ሹራቤን አምጣልኝ፣ ያንን ቀሚሴን አምጣልኝ» ስትለኝ የእነሱን ቁም ሳጥን የምከፍተው እኔ ነኝ። የአባዬ ኮቶች ከእሷ ቀሚሶች ጋር ተቀላቅለው ተሰቅለዋል። የእሷን ለማውጣት የእሱን በእጄ ገፋ ማድረግ አለብኝ። በየቀኑ። ከዚያ ወርጄ «ይሄኛው ነው?» እላታለሁ፣ «አይ፣ ሌላኛው» ትለኛለች፣ ተመልሼ እወጣለሁ።

ማክሰኞ ግንበኛው መጥቶ ለካና ከሚመጣው እሑድ በኋላ ካልጀመረ ሌላ ሥራ እንደያዘ ነገረን። እማዬ «እንግዲህ ይሂድ» አለች። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ቤት ውስጥ የነበሩትን ናሙናዎች ሁሉ አምጥቼ ከታች ጀምሮ በየደረጃው ላይ አስቀመጥኩና «ዛሬ አንዱን ትመርጫለሽ፣ ካልሆነ ሚጢ ዓይኗን ጨፍና ትመርጣለች» አልኳት። «አባትህ ቢሰማህ» አለችኝ። «አባዬ ቢሰማኝማ እሱ ይመርጥ ነበር» አልኩ። አፌን በቆረጠው። ግንበኛው ሜትሩን ማጠፍ ጀመረ።

እማዬ ግን አልተቆጣችም። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና በባዶ እግሯ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየረገጠች ወጣች። ደረጃው ከሚታጠፍበት ስትደርስ ቁጭ አለች። እዚያ ጋ የሊሾው ጠርዝ እንዴት እንደተበላ ታስታውሻለሽ? አባዬ ከሥራ ሲመጣ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ተረከዙን የሚፍቅበት ቦታ ነው። እማዬ በእጇ እየዳሰሰችው «ስንት ዓመት ጮህኩበት! ነጩን ብናኝ እየጠረግኩ፣ አንተ ሰውዬ ሰኮና ነው ያለህ እያልኩ» ብላ ሳቀች። ከዚያ «ግራናይት ከለበሰማ...» ብላ ሳትጨርሰው ወረደች። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ሶፋው።

ግንበኛው ሲወጣ በር ላይ ያዝኩትና ድንጋዩ ሳይወለወል ሻካራ ሆኖ ይቀመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ይቀመጣል አለ፤ ደረጃ በውሃ ለሚታጠብበት ቤትማ ሻካራው ይሻላል አለ፤ የተወለወለው እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ነው። ለእማዬ ነገርኳት፣ ግራጫው፣ ሻካራው። «ሻካራው ይሁን» አለች። ቀጥላ ምን እንዳለች መገመት አያቅትሽም፤ «ግን እህትህ ትየው»።

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥቼ መታጠፊያው ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ሞከርኩት። የሚፋቅ ምንም የለኝም። ግን ድምፁ ያው ነው፣ ፍቅ ፍቅ የሚለው። ሳላስበው ብዙ ፈቀፈቅኩ መሰለኝ እማዬ ከሳሎን «ማነው እሱ! ብናኙን እኔ አይደለሁ የምጠርገው!» ብላ ጮኸች። በዚያ በድሮው ድምጿ እኮ ነው! መፋቄን አላቆምኩም። ጆሮዬን ልትይዝ እየተቆጣች ወጣችና ፊቴን ስታይ እጇን መለሰች። አጠገቤ ቆማ ወደ ላይ፣ ወደተከፈተው መኝታ ቤታቸው ተመለከተች። «መጋረጃው ቀለበቱ ወልቋል። ይሄን ሁሉ ጊዜ አይተህ ዝም አልክ?» አለችኝ። እኔም «አንቺ መጥተሽ አትሰቅይውም?» አልኳት። እሷም «ድንጋዩ ይግባና እሰቅለዋለሁ» አለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ተራው ያንቺ ነው። የሚመጣው እሑድ ስትደውልልሽ ፎቶ አትጠይቂ፣ ክሊኒክ አታንሺ። «ግራጫው ይቆረጥ» በይ፣ ሌላ ቃል አትጨምሪ። ደረጃው ሲያልቅ ደግሞ «መኝታ ቤትሽ ገብተሽ መጋረጃውን አሳዪኝ» በያት። እኔ ስላት ምክንያት ታበጃለች፤ አንቺን ግን እምቢ ማለት አትችልም።

ድምቡሼን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ከባድ ነገር አታንሳ፣ ከባዱን እኔ እዚህ እያነሳሁልህ ነው በይልኝ። ሚጢ የላሰችውን ድንጋይ ልላክላት ብላ ስታለቅስ በስንት ልመና አስቀረኋት፤ በምትኩ ስማሻለች። ጋሼ ሰላም ብለውሻል፤ ጥቁሩ ይሻል እንደነበረ ጻፍልኝ ብለውኛል፣ ጽፌያለሁ። እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ እሷም ትስምሽ ነበር።

ወንድምሽ

ከደረጃው መታጠፊያ ላይ
ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን