ጅቡቲ ደርሷል ያልኩት መድኃኒት

ይድረስ ለእህቴ ለሀፍሷ፤

አሰላሙ አለይኩም እህቴ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የኮሪያ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያነቃሻል? ምግባቸውስ ሆድሽን ማስቸገሩን ተወ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ይዟታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ብርዱ ቢገባም ብርድ ልብስ የሚገዛ ጠፍቷል፤ ነጋዴ መቼ ገበያ ሞቀ ብሎ ያውቃል ትይኝ ይሆናል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። ልነግርሽ እየጀመርኩ ምላሴ እየተሳሰረ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ። ጎረቤታችን ነጋዴው ማሙሸት ለዕቃ ወደዚያ ስለሚሄድ በእሱ እጅ ላክሁት። ወረቀት ቢያንስ ፊቴን አያይም።

በረመዳን ስለ ቤተ ሙከራ ሥራሽ የነገርሽኝን ታስታውሻለሽ። ጤነኛ ሴል ወስዳችሁ ከፀጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ በግፊት ታሳልፉታላችሁ፤ ሲጨናነቅ ይበጣጠስና ቁርጥራጩ መልሶ ራሱን ዘግቶ በዓይን የማይታይ ከረጢት ይሆናል፤ የካንሰር መድኃኒቱን እዚያ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ልባሱ የሰውነት ስለሆነ ሰውነት እንደ ባዳ አያባርረውም፣ የታመመው ቦታ ድረስ ይሄዳል ነበር ያልሽኝ። ገና አይጥ ላይ ነው የምንሞክረው፣ ለሰው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አይታወቅም ብለሽም ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ጣልኩት።

ከስምንተኛ ክፍል የቀረው ወንድምሽ ወሬውን ለተራው ሁሉ አዳረሰው። መድኃኒቱ የሀገሬውን ልብስ ለብሶ ስለሚገባ ዘበኛው ዞር ብሎም አያየውም እያልኩ ሳወራ ሰው ይስቃል፣ ይገባዋልም። የሀፍሷ ወንድም ብለው ሲጠሩኝ ከገዛ ስሜ ይልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ተኮፍሼ ነበር።

እትዬ ሰገነትን መቼም አትረሻቸውም፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት ክርና ቁልፍ የሚሸጡት፣ ዩኒፎርምሽ ቁልፉ ሲበጠስ ጠርተው የሚሰፉልሽ። ግንቦት ላይ ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ፤ ተመርምረው ካንሰር ነው ተባሉ። ኬሞ እንዲጀምሩ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ፀጉር ያራግፋል፣ ያስመልሳል ሲባል ሰምተው ፈርተው ነበርና ሱቅ መጥተው፣ አንተ ጃፋር፣ የሀፍሷ መድኃኒት መቼ ነው የሚገባው አሉኝ። ተራው ሁሉ ጆሮውን ጥሏል። አላውቅም ማለት አቃተኝ። ዕቃ ሲያልቅብን ደንበኛው ጎረቤት ሱቅ እንዳይገባ የምንለውን ታውቂያለሽ። እሱው ካፌ አመለጠኝ፤ ጅቡቲ ደርሷል እትዬ አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እንደ ቀልድ የወሰዱት መሰለኝ።

ክረምቱን አንዳንድ ቀን ሱቃቸውን ሲዘጉ ሐኪም ቤት ሄደው ነው እያልኩ አልጠየቅኋቸውም። መስከረም ላይ ልጃቸው ዮርዲ መጥታ፣ ጋሼ ጃፋር፣ ያ መድኃኒት ከጅቡቲ አልተነሳም እንዴ፣ እማዬ ክንዷን ማንሳት አቃታት አለችኝ። ለካ አንድም ቀን ኬሞ አልወሰዱም። የእኔን ቃል ይዘው ሲጠብቁ ነው የከረሙት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ቤታቸው ሄድኩ። መድኃኒቱ ጅቡቲም የትም እንዳልደረሰ፣ ገና አይጥ ላይ እንደሆነ፣ ለአፌ ለከት አጥቼ የተናገርኩት መሆኑን ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አይጦቹስ ዳኑ ብለው ጠየቁኝ። አንዳንዶቹን ተሽሏቸዋል ብላኛለች አልኩ። ታድለው አሉና ዮርዲን የሐኪም ቤት ካርዳቸውን እንድታመጣ አዘዟት። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ኬሞውን ጀምረዋል። በቀጠሯቸው ቀን ይዣቸው የምሄደው እኔ ነኝ፤ ሱቁን ባለቤቴ ሰዓደት ትይዛለች። በሽታው ወደ ብብታቸው አልፏል። ሐኪሟ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ይቀል ነበር ስትል እኔን አላየችኝም፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ይድናሉም አላለች፣ አይድኑምም አላለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ቃል ከየት አምጥቼ ልመልሰው? ሰው ሱቅ መጥቶ ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ ዕቃ የማስተካክል መስዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

እህቴ፣ በአንቺ ስም ነው ሰው የጎዳሁት፤ አውፍ በይኝ። እትዬ ሰገነት በስልክ ላናግራት ካሉ አገናኛችኋለሁ። እንዳታባብያቸው፤ ቶሎ ይደርሳል እንዳትያቸው። የምታውቂውን ብቻ ንገሪያቸው።

እማዬ ዱዓ እያደረግሁላት ነው፣ ሳትበላ እንዳታድር በላት ብላለች። ሰዓደት ሰላም ብላሻለች፤ በርበሬ ልካልሻለች፣ ማሙሸት ይዞታል። ልጄ ፉርቃን የፊት ጥርሱ ወልቆ አክስቴ ትየው ብሎ አስቸግሮናል፤ ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር አድርጌዋለሁ። እትዬ ሰገነት ይኸው አጠገቤ፣ ሱቃችን ውስጥ ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ጋደም ብለዋል። ፀጉራቸው ስላለቀ ሻሽ አስረዋል። ለማን ነው የምትጽፈው ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሀፍሷን ሰላም በልልኝ፣ አይጦቹንም ሰላም በይልኝ በላት፤ የእኔን ወረፋ ይዘውልኛል አሉና ሳቁ። እኔ ከወረቀቱ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ወንድምሽ ጃፋር
መርካቶ፣ ሰባተኛ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.