የአጎቴ ማሽኖችና የሚስቱ እርጥብ ልብስ

ጓዴ፣ እንዴት ከርመሃል? አጎቴ ቤት ነኝ። ዲጂታል ሳንቲም የሚያስገኙለት አርባ ማሽኖቹ የብሎክቼይኑን፣ ማለትም የሳንቲሙን የጋራ ሒሳብ መዝገብ፣ ቀጣይ ገጽ ለመጻፍ እንቆቅልሽ በመፍታት ሲሽቀዳደሙ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግል ስለነበር፣ ሚስቱ ልብስ የምታደርቀው እዚያ ነበር። አሁን ኔትወርኩ ሽቅድምድሙን ትቶ፣ ሳንቲሙን መያዣ ላደረገ ሰው የመጻፉን ተራ በዕጣ ይሰጣል፤ ያጭበረበረ ወይም በተራው የጠፋ ከመያዣው ይቆረጥበታል። አንተን ለሥራ ዋስ አምጣ ብለው እንዳንከራተቱህ መሆኑ ነው።

ማሽኖቹ ተሸጠው ተራውን የምትጠብቅለት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ቀረች። ትናንት ሚስቱ ያልደረቀውን ልብስ ልትተኩስ ኮምፒውተሯን ነቅላ ካውያ ሰካች። አጎቴ ተራው ደርሶ ስለጠፋ ከመያዣው ተቆረጠበት፤ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«ምን ላድርግ?» አለችው። «አርባዎቹ ሲያጓሩ ሥራ ላይ እንደሆኑ አውቅ ነበር። ይቺ ዝም ስትል ሥራ የፈታች መስሎኝ!»

የፖስታ ካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ። ናፍቀኸኛል፤ ካልሲዬም እንደረጠበ ነው።