ሰማይ ላይ የተራመደው አባ ኮዳ

አዋሳ፣ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ታምሩ፣

ዲላ ከተዛወርህ ሁለት ዓመት ሆነህ። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ለወላጆች ቀን በኮምፒዩተር ያዘጋጀኸው ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ እግሮቹ ለምን ሰማይ ላይ እንደወጡ ዛሬ ልንገርህ።

ኮምፒዩተሩ ትምህርት ቤታችን በመጣ ሳምንት ቀናሁብህ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሒሳብ ሰሌዳዬን ይከቡ የነበሩ ልጆች ደወል ሲሰሙ ወደ አንተ ክፍል መሮጥ ጀመሩ። አንተ ደግሞ የገዛ ተማሪዬ ነበርህ። የባሰብኝ እሱ ነው።

"ጋሼ፣ ገላውን እኔ ልሥራ፤ የእግሮቹን ነጥቦች እርስዎ ያስሉልኝ" አልኸኝ። የዓሣ ገበያውን አባ ኮዳ በስድስት ሥዕል ልናራምደው ነበር። በባለካሬ ወረቀት ላይ እያንዳንዷን ነጥብ ቆጥሬ ቁጥሩን ጻፍሁልህ። ዜሮን፣ ሁልጊዜ እንደማስተምረው፣ ከታች አደረግሁ። በዋዜማው ያዋስኸኝን መመሪያ ሳነብ ግን ማሽኑ መስመሮቹን የሚቆጥረው ከላይ ወደ ታች መሆኑን አየሁ። እግሮቹ ከገላው በላይ እንደሚወጡ ወዲያው ገባኝ።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነበር። መናኸሪያ አጠገብ ያለው ቤትህ ሩቅ አልነበረም፤ አልሄድሁም። ጠዋት "መብራት አሁን ገና መጣ፤ ሙከራው ይቅር። የእርስዎ ቁጥር መቼ ተሳስቶ ያውቃል!" ብለህ ስትስቅም ዝም አልሁ።

አዳራሹን ታስታውሳለህ። ልጆቹ "ጣሪያ ላይ እየሄደ ነው!" ሲሉ፣ ከወላጆቹ መካከል ወይዘሮ አበበች "ኧረ አውርዱት፣ ይወድቃል!" ብለው ሰዉን አሳቁት። ከበላይ አካል የመጡት እንግዳ ግን አልሳቁም። "ጓድ መምህር፣ ማሽኑን ለሚችልበት እንሰጠዋለን።" በማግስቱ ጭነው ወሰዱት። ልጆቹ ወደ ሰሌዳዬ ተመለሱ፤ ደስ አለኝ። አንተ "ጋሼ፣ ልፋትዎን አበላሸሁብዎ" ብለህ ይቅርታ ጠየቅኸኝ። እኔም ይቅርታህን ተቀበልሁ።

እዚያ አብራህ የምታስተምረው ልጄ ሮማን ሰሞኑን ጻፈችልኝ። ለትምህርት ቤታችሁ ኮምፒዩተር መጥቶ "እኔ አልችልበትም" ብለህ የክፍሉን ቁልፍ መልሰሃል አሉ። ታምሩ፣ ማሽን የተሰጠውን ቁጥር ነው የሚስለው። እሱም አልተበላሸም፣ አንተም አልተሳሳትህም።

እግሮቹን ከላይ ቆጥሬ እንደገና ሠርቻቸዋለሁ። ስድስቱን የሥዕል ወረቀቶች በአንድ ዳር ሰፍቻቸዋለሁ፤ በአውራ ጣትህ ቶሎ ቶሎ ግለጣቸው፤ መሬት ላይ ይራመዳል። ከዚህ ጋር የላክሁት ሁለተኛው ፖስታ ለርእሰ መምህርህ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር በስሜ ጽፌበታለሁ። ራስህ ስጠው፣ ቁልፉንም ተቀበል። ልጆቹ እንደገና ሲከቡህ ሳስብ አሁንም እቀናለሁ። ቢሆንም ተቀበል።

ቁጥሮቹን ግን መጀመሪያ ሞክራቸው። የማንንም ሳትሞክር አትመን፤ የእኔንም።

እግሮቹን የቆጠረው፣
ገብረየስ